ክንድ ታስሮ አንጎል ይድናልን?

«የደም ግፊት መለኪያውን ማሰሪያ በሕመምተኛው ክንድ ላይ አጥብቀን ብንነፋው ስትሮክን ያድናል የሚባለው እውነት ነውን?» ይህ ጥያቄ በጤና ሥልጠናዎች ላይ ከሰበካ ጉባኤ አባላትም ከካህናትም ይነሣል። ጠያቂዎቹ ነገሩን በውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ ወይም ከስልክ መልእክት የሰሙት ናቸው። ጥያቄው መሠረት የሌለው አይደለም፤ በታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች ላይ የታተሙ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን የተሳተፉባቸው ጥናቶች አሉ። ሆኖም ጥናቶቹ የሚናገሩትና ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እኛ ዘንድ የደረሰው አንድ አይደሉም። በዚህ ትምህርት ሕክምናው ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ተገኘበትና ምን እንዳልተገኘበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ምእመን በቅጽራችን ውስጥ በስትሮክ ቢወድቅ ምን ማድረግ እንደሚገባን እንመለከታለን።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ደብር ያየውን ሳያነሣ ወደ ትምህርቱ መግባት አይሆንለትም። ዕለቱ በዓለ ንግሥ ነበር። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ተቁሞ ሊነጋ ሲል የደብሩ መሪጌታ መቋሚያ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው ሊያነሡት ሲሞክሩ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ሊናገሩ ሲሉም አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ከጎናቸው የነበሩት ሊቃውንት ደግፈው አስቀመጧቸው። አንዱ ድካም ነው አለ፤ ሌላው ምች መትቷቸው ነው ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ ሄደ፤ ሦስተኛው ልክፍት ነው አለ። ጠበል ተጠመቁ፣ ቤታቸው ገብተው ተኙ፣ ሆስፒታል የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነበር። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ቀኝ እጃቸውና ያ ደብሩ የሚታወቅበት ድምፃቸው ግን አልተመለሱም። በዚያች ሌሊት ከነበሩት መካከል ክፉ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። የአንድ የሰበካው አባል መኪናም ከቅጽሩ በር ላይ ቆማ ነበር። የጎደለው፣ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ነው።

በአንጎል ውስጥ የሚሆነው

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ ስለሌለው ደም ሲቋረጥበት በደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ስትሮክ የምንለው ይህንኑ ነው፤ የአንጎል አንድ ክፍል በድንገት ደም ሲያጣ የሚደርስ ጉዳት። ሁለት ዐይነት አለው። በአንደኛው የረጋ ደም ወይም የጠበበ ሥር መንገዱን ይዘጋዋል። በሁለተኛው ደግሞ የደም ሥሩ ፈንድቶ ደም ወደ አንጎል ይፈስሳል። በዓለም ላይ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው፤ በአገራችን ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ግን የሁለተኛው ድርሻ ከምዕራባውያን አገሮች ከፍ ብሎ ይታያል። ለዚህም ሳይታከም የሚቆይ የደም ግፊት ትልቅ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያውን ዐይነት ለመረዳት የመስኖ እርሻን ማሰብ ይጠቅማል። ዋናው ቦይ በናዳ ቢዘጋ ከቦዩ ብቻ ይጠጣ የነበረው መካከለኛው መደብ ፈጥኖ ይደርቃል። ዙሪያው ያለው መደብ ግን ከጎረቤት ቦይ በሚሰርገው ጥቂት ውኃ ጠውልጎ ይቆያል፤ አልሞተም፣ ፍሬም አይሰጥም። ናዳው በጊዜ ከተነሣ የጠወለገው ቀና ይላል። ከዘገየ ግን ድርቀቱ ከመካከል ወደ ዳር እየሰፋ ሁሉንም ይወስደዋል። በስትሮክ በተመታ አንጎል ውስጥም ወዲያው የሞተ መካከለኛ ክፍልና በዙሪያው የጠወለገ፣ ሊተርፍ የሚችል ክፍል አለ። የስትሮክ ሕክምና በሙሉ የሚሻማው ለዚህ ለጠወለገው ክፍል ነው። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ አንድ ትልቅ የአንጎል ደም ወሳጅ ሥር ተዘግቶ ሳይታከም በሚቆይበት በእያንዳንዱ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ።

ናዳውን የሚያነሡ ሁለት የታወቁ ሕክምናዎች አሉ። አንደኛው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ ነው። ጥቅሙ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ታወቀ፤ በ2008 ደግሞ ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ድረስ ሊሰጥ እንደሚችል ተረጋገጠ። ሁለተኛው ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ውስጥ አሳልፎ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ነው፤ ተመርጠው ለሚገኙ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ጊዜ ድረስ ይደረጋል። ከሁለቱም በፊት ግን የራስ ቅል በሲቲ ስካን መነሣት አለበት፤ መርፌው ደም ለፈሰሰበት ሰው ቢሰጥ ይገድላልና። በአገራችን እነዚህ ሕክምናዎች ከጥቂት ሆስፒታሎች ውጭ አይገኙም። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ሌላ ሕክምና አለ ሲባል ጆሯችንን የምናቀናው ለዚህ ነው።

ከውሻ ልብ እስከ ሰው ክንድ

የክንድ ማሰሪያው ታሪክ የሚጀምረው ከአንጎል ሳይሆን ከልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ መሪ፣ ሮበርት ጄኒንግስና ኪት ራይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በውሾች ልብ ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰውን ሥር ለ5 ደቂቃ እየዘጉ ለ5 ደቂቃ እየከፈቱ አራት ጊዜ ደጋገሙት፤ ከዚያም ለ40 ደቂቃ ዘጉት። ጉዳቱ ተደራርቦ ይከፋል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው፤ አስቀድሞ በአጫጭር መዝጋት የተለማመደው ልብ፣ ካልተለማመደው ጋር ሲነጻጸር የሞተበት ጡንቻ አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ሆነ። ጡንቻው ጥቂት በጥቂት ተቸግሮ ታላቁን ችግር መቋቋምን ተማረ ማለት ይቻላል፤ የዐቢይን ጾም በነነዌ የሚጀምር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ብዙዎች የሚዘነጉት የዚያው ሙከራ ሌላ ክፍል አለ። ሥሩ ለ40 ደቂቃ ሳይሆን ለ3 ሰዓት ያህል ሲዘጋ፣ የተለማመደውም ያልተለማመደውም ልብ እኩል ተጎዳ። ልምምዱ ጊዜ ገዛ እንጂ የተዘጋውን ሥር አልከፈተም። ይህን ቃል አንባብያን በልባቸው ይያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እ.ኤ.አ. በ1993 ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን አንዱን የልብ ሥር በአጭር በአጭሩ በመዝጋት፣ ፈጽሞ ያልተነካው ሌላው የልብ ክፍል ከጉዳት እንደሚጠበቅ አሳየ። «ሩቅ» የሚለው ቃል ወደ ሕክምናው ስም የገባው ከዚህ ነው። በ2002 የወጣ ጥናት ደግሞ ከሩቁም ሩቅ ሄደ፤ በበጎ ፈቃደኛ ሰዎች አንድ ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ማሰሪያ እየተነፋ ሲለቀቅ፣ በሌላው ክንዳቸው የደም ሥር ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንደሚቀንስ አሳየ። ልብን ወይም አንጎልን ሳይነኩ፣ ቀዶ ሕክምና ሳይኖር፣ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ዕቃ ሩቅ ያለን የውስጥ አካል መጠበቅ ይቻል ይሆናል የሚለው ተስፋ ከዚህ ተወለደ። በሐኪሞች ቋንቋ ሪሞት ኢስኬሚክ ኮንዲሽኒንግ ይባላል፤ በአማርኛ «በሩቅ አካል ላይ ደምን በየጊዜው በማገድ የሚደረግ ልምምድ» ብንለው ትርጉሙን ይሰጠናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማሰሪያው በላይኛው ክንድ ላይ ተደርጎ እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ድረስ ይነፋል፤ ወደ ክንዱ የሚሄደው ደም ፈጽሞ ይቆማል። 5 ደቂቃ ይቆያል፤ ይለቀቃል፤ 5 ደቂቃ ይጠበቃል፤ እንደገና ይነፋል። ይህ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይደጋገማል። የታገደው ክንድ ለሩቁ አንጎል መልእክት የሚልከው እንዴት ነው ለሚለው፣ ሳይንቲስቶች ሦስት መንገዶችን ያነሣሉ፤ በነርቮች፣ ከክንዱ ወደ ደም በሚለቀቁ ንጥረ ነገሮች፣ እንዲሁም የሰውነትን የመከላከያ ኀይል በማረጋጋት። ከሦስቱ የትኛው ምን ያህል እንደሚሠራ ገና ተጨርሶ አልተወሰነም።

ተስፋው በመጀመሪያ የተፈተነው በልብ ሕሙማን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመው ጥናት በብሪታንያ፣ በዴንማርክ፣ በስፔንና በሰርቢያ ከ5,000 በላይ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሥር መዘጋት የደረሰባቸውን ሕሙማን አካተተ። ማሰሪያው የተደረገላቸውና ያልተደረገላቸው ከአንድ ዓመት በኋላ ልዩነት አልታየባቸውም። በእንስሳት ያማረው በሰው ላይ ሁልጊዜ አያምርም።

ቻይናና ዴንማርክ

በአንጎል ላይ ያለው ወሬ ሁሉ የሚመነጨው በአብዛኛው ከአንድ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመው ይህ ጥናት በቻይና 55 ሆስፒታሎች ውስጥ የተካሄደ ሲሆን፣ በውጤቱ ትንተና ውስጥ 1,776 ሕሙማን ገብተዋል። ሁሉም የደም ሥር መዘጋት ስትሮክ ያገኛቸው፣ ሕመማቸው መካከለኛ የሆነ፣ ከጀመራቸው 48 ሰዓት ያላለፋቸውና የረጋ ደም ማሟሟያውንም ሆነ በቱቦ የማውጣቱን ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና ጋር በሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ ማሰሪያው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ተደረገላቸው። ከ90 ቀን በኋላ ያለ ምንም የአካል ጉድለት ወይም ሥራቸውን በማያግድ ጥቂት ምልክት ብቻ የተገኙት፣ ማሰሪያው ከተደረገላቸው 67.4 በመቶ፣ ካልተደረገላቸው 62.0 በመቶ ሆኑ።

ይህን ቁጥር ረጋ ብለን እንመልከተው። ከመቶ ሰዎች ስድሳ ሁለቱ ያለ ማሰሪያውም ደኅና ሆነዋል። ሠላሳ ሦስት ያህሉ ማሰሪያው ተደርጎላቸውም የተፈለገው ደረጃ ላይ አልደረሱም። ማሰሪያው ለውጥ ያመጣው በአምስት ያህል ሰዎች ላይ ነው። አምስት ሰው ጥቂት አይደለም፤ አምስት የቤተ ሰብ አለኝታ ነው። ነገር ግን «ስትሮክን ያድናል» ከሚለው ወሬ በጣም የራቀ ነው። ደግሞም በጥናቱ ማሰሪያው ያልተደረገላቸው ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን የማስመሰያ ማሰሪያ አልተደረገላቸውም። በቀን ሁለት ጊዜ ነርስ እየመጣ ክንዱን የሚያስርለት ሕመምተኛና እንዲህ ያለ እንክብካቤ የማያገኝ ሕመምተኛ ተስፋቸው አንድ አይሆንም። ውጤቱን የመዘኑት ባለሙያዎች ማን በየትኛው ወገን እንደነበረ አለማወቃቸው ይህን ስጋት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2023፣ የዴንማርክ ጥናት በዚያው መጽሔት ወጣ። ዴንማርኮቹ 1,500 ሰዎችን በማካተት ሥራውን የጀመሩት በአምቡላንስ ውስጥ ነው፤ የስትሮክ ምልክት ታይቶባቸው 4 ሰዓት ያላለፋቸው ሰዎች ገና ሆስፒታል ሳይደርሱ በአንድ ክንዳቸው ላይ ማሰሪያው ተደረገላቸው። ለግማሾቹ እውነተኛው ግፊት ተሰጠ፤ ለግማሾቹ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ፣ ለማስመሰል ያህል። ከ90 ቀን በኋላ ሁለቱ ወገኖች አልተለያዩም። ደም የፈሰሰባቸውም ደም ሥር የተዘጋባቸውም በጥናቱ ነበሩ፤ ጥቅም አልታየም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2020 ውጤቱ የወጣው የፈረንሳይ ጥናትም በ188 ሕሙማን እግር ላይ አንድ ጊዜ ሞክሮ፣ የሞተውን የአንጎል ክፍል ስፋት እንዳልቀነሰ ዘግቦ ነበር።

ታዲያ ከቻይናና ከዴንማርክ ማንን እንመን? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በቻይና ሁለት ክንድ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በዴንማርክ ደግሞ ከጥቂቶቹ በቀር አንድ ክንድ ለአጭር ጊዜ ነው የታሰረው። የዴንማርክ ሕሙማን ብዙዎቹ የረጋ ደም ማሟሟያውንና በቱቦ የማውጣቱን ሕክምና በፍጥነት አግኝተዋል፤ ናዳው ለተነሣለት እርሻ ተጨማሪ እርዳታው ላይታይ ይችላል። የቻይና ሕሙማን እነዚህን አላገኙም። በተጨማሪም በአንጎል ውስጥ ያሉ ደም ወሳጅ ሥሮች ጥበት በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ በብዛት ይገኛል። ማሟሟያው በማይገኝበት አገር ለምንኖር ለእኛ የቻይናው ጥናት ልብን የሚያሞቅ መሆኑን መካድ አይገባም። ግን አንድ የተሳካ ጥናት ከሌሎች ያልተሳኩ ጋር ቆሞ ሳለ ሥርዓተ ሕክምና አይሠራበትም። የተረጋገጠው ይህን ያህል ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሲቲ ስካን ከተለየ በኋላ፣ በባለሙያ እጅ፣ ከሌላው ሕክምና ጋር ተጨምሮ ምናልባት ለአንዳንዶች ጥቂት ይረዳል።

በቅጽራችን ለምን አንሞክረውም

«ባይጠቅም አይጎዳም» የሚል ሐሳብ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ በጥናቶቹ ማሰሪያው ራሱ ከክንድ ሕመምና ከቆዳ መቅላት ያለፈ ብዙ ጉዳት አላደረሰም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። አምስት ጊዜ 5 ደቂቃ መንፋትና አምስት ጊዜ 5 ደቂቃ መልቀቅ 50 ደቂቃ ይወስዳል። ከላይ በጠቀስነው ስሌት ብንቆጥረው በ50 ደቂቃ 95 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳት ያልቃሉ። ማሰሪያውን ለማሰር ብለን ሕመምተኛውን በደጀ ሰላም ብናቆየው፣ ጊዜ ለመግዛት የተፈለሰፈው ነገር ጊዜ ይሸጥብናል። የ1986ቱን ሙከራ እናስታውስ፤ ልምምዱ ሥሩን አይከፍትም። የዴንማርክ አምቡላንሶች ማሰሪያውን የነፉት እየሄዱ ነው፤ አንድም አምቡላንስ ለዚህ ብሎ አልቆመም።

በማሰሪያ ፋንታ ገመድ፣ መቀነት ወይም ነጠላ ማሰር ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ቀጭን ነገር ነርቭን ይጎዳል፤ ግፊቱም አይታወቅም። የላላ ሲሆን ወደ ክንዱ የሚገባውን ደም ሳያቆም የሚመለሰውን ብቻ ይዘጋና ክንዱን ያሳብጣል። ለቤት የሚሸጡት የኤሌክትሮኒክስ መለኪያዎችም ለክተው ወዲያው ራሳቸው ይለቅቃሉ እንጂ 5 ደቂቃ አይዙም። የኩላሊት እጥበት ለሚደረግላቸው ሰዎች ለእጥበቱ በተዘጋጀው ክንድ ላይ ለመለካት እንኳ ማሰሪያ አይደረግም።

ሰው ሲወድቅ

ምልክቱን ሁሉም ሰው እንዲይዘው በአራት ቃል እናስተምር፤ ፊት፣ እጅ፣ አንደበት፣ ሰዓት። ፈገግ ይበሉ ብለን ስንጠይቅ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ይጣመማልን? ሁለቱን እጆች ለጸሎት እንደሚዘረጋ ሰው ሲዘረጋ አንዱ ይወርዳልን? አንድ ቀላል ዐረፍተ ነገር ሲደግም ቃሉ ይያያዛልን ወይም ትርጉም ያጣልን? ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከታየ ሰዓቱን እንይ፤ ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየበትን ሰዓት እንጻፍ። ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። ከእንቅልፉ ሲነሣ ታሞ የተገኘ ሰው ሰዓቱ የሚቆጠረው ከነቃበት ሳይሆን ደኅና ሆኖ ከተኛበት ነው። ምልክቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጠፋም ወደ ሆስፒታል መሄድ አይቀርም፤ ያለፈው ትንሹ የትልቁ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና።

ወዲያው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ወይም የወረዳውን አምቡላንስ መጥራት፣ የሚዘገይ ከሆነ በተገኘው መኪና መጓዝ ነው። መንገድ በሌለበት ቃሬዛ ወይም ወሳንሳ ይዘጋጅ። የሚሄዱበትን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በጤና ጣቢያ በኩል ማለፍ ግድ በሚሆንበት አካባቢ፣ በመንገድ ላይ ሳሉ ስልክ ደውሎ የሪፈር ወረቀቱ እንዲዘጋጅ መጠየቅ ብዙ ደቂቃ ያተርፋል። ራሱን የሳተ ወይም የሚያስመልሰው ሰው በጎኑ ይተኛ። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ አብረው ይሂዱ። ስትሮክ የመዋጥ ኀይልን ስለሚያዳክም ውኃም ሆነ ምግብ በአፉ አይሰጠው፤ ወደ ሳንባ ሊገባበት ይችላል። አስፕሪንም አይሰጥ፤ ደም እየፈሰሰበት እንደ ሆነ ማንም በዐይን አይቶ አያውቅም። የጎረቤትን የደም ግፊት ኪኒን ማዋጥም እንዲሁ፤ ግፊቱን በድንገት ማውረድ በጥቂት ደም የቆየውን የጠወለገ ክፍል ያንኑ ያስቀርበታል። ዋግምት፣ በአፍንጫ የሚጨመር የቅጠል ጭማቂና ሌላውም ይቅር።

ስለ ጠበል በግልጽ እንነጋገር፤ ካህናት አባቶች ካልተናገሩት ማንም ሊናገረው አይችልምና። ቤተ ክርስቲያን ጠበልንና መድኃኒትን አታጣላም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምንም መድኃኒትንም እግዚአብሔር እንደ ፈጠራቸው ያስተምረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ጠበል እንዲጠመቁ በይፋ አስተምረው ነበር፤ ያ ቃል የብዙ ሰው ሕይወት ጉዳይ ነበር። በስትሮክ ጊዜ ጥያቄው ጠበል ወይስ ሐኪም የሚል ሳይሆን የትኛው ይቅደም የሚል ነው። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው በመኪናው ውስጥ አብረው ቢሄዱ፣ እየጸለዩም ጠበል ቢረጩ ምንም አይጎድልም፤ ሰዓቱም አይባክንም። ወደ ጠበሉ ስፍራ ወስዶ ማሳደር ግን ይቆይ፤ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ጠበሉ ይጠብቀዋል። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የምናስበው መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው ውኃ አጥቶ አይደለም፤ በጊዜው የሚያነሣው ሰው አጥቶ ነው። ይህ በዐውደ ምሕረት ቢሰበክ ከአንድ ሥልጠና ይበልጣል።

ኪኒኑና ጾሙ

ከስትሮክ አደጋዎች ትልቁ ያልታከመ የደም ግፊት ነው፤ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያዩ ቀናት ከተገኘ ሕክምና ይጀመራል። በሰበካዎቻችን የምናየው ልዩ ችግር ግን ኪኒኑ ተጀምሮ በጾም ወቅት መቋረጡ ነው። ጠዋት የሚወሰደው ኪኒን ቅዳሴ እስኪወጣ ይቆያል፣ ከዚያ ይረሳል፣ ከዚያም «ደኅና ነኝ» ተብሎ እስከ ትንሣኤ ይተዋል። ሕመምተኛው ሐኪሙን ቢያማክር ብዙዎቹ መድኃኒቶች ሰዓታቸው ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል። የማይዛወርላቸውን ደግሞ የንስሐ አባት ሊያሳርፏቸው ሥልጣን አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ያላት ርኅራኄ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ግን መጠየቅን እንደ ድክመት ይቈጥረዋል፤ ስለዚህ አባቶች ሳይጠየቁ ቢጠይቁ መልካም ነው። የቁርባን ዕለትም እንዲሁ አስቀድሞ ይመከርበት።

ወጣቶችንም አንርሳ። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የልብ በርን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ነው፤ ከተጎዳ ልብ የሚነሣ የረጋ ደም የሃያ ዓመት ዲያቆንን ሊጥል ይችላል። በየወሩ መርፌ የታዘዘለት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ መርፌውን አቋርጦ እንደ ሆነ የሚከታተል ሰው ያስፈልገዋል።

ለሰበካ ጉባኤው ውይይት

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ እነዚህን ነገሮች ተነጋግራችሁ በቃለ ጉባኤ እንድታሰፍሩ እንጠይቃለን። ሲቲ ስካን ያለው፣ ለደብራችሁ የሚቀርበው ሆስፒታል የትኛው ነው? በክረምትና በበጋ ስንት ሰዓት ይወስዳል? በሌሊት ማኅሌትና በንግሥ በዓል ጊዜ መኪናውን የሚያንቀሳቅስ ሰው ማን ነው፤ ቁልፉስ የት ይቀመጣል? ቃሬዛ አለን? የስልክ ቁጥሮቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ሳይሆን ሁሉም በሚያየው ቦታ ተጽፈዋልን? ለድንገተኛ ሕመም የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በልማት ክፍሉ ተለይቶ ይቀመጣልን? ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደም ግፊት መለካት የሚቻለው እንዴት ነው?

ለዚሁ ሥራ መለኪያ የተሰጣችሁ ሰበካዎች ማሰሪያው በክንድ ልክ መሆኑን፣ አየር የማያስወጣ መሆኑን፣ ንባቡም ከጤና ጣቢያው መለኪያ ጋር የሚስማማ መሆኑን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ አስመርምሩ። ተለክቶ ከፍ ያለ የተገኘበት ሰው ስሙና ቁጥሩ በመዝገብ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ወር ካልመጣ ቤቱ ድረስ የሚሄድ ሰው ይመደብ።